ከገረጋንቲ በኋላ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚሄድ መንገደኛ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ አካባቢ ሲያልፍ፣ በቆሎና እንሰት ከለበሰው ተዳፋት መካከል አልፎ አልፎ ባዶውን ቀልቶ የሚታይ ጠርዝ ቢያይ፣ ያ ስፍራ እርሱ የሚጓዝበት መንገድ ሲሠራ ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ መሆኑን የሚያስተውለው ከስንት አንድ ነው። እኔ ግን የጉልምስና ዘመኔን ያሳለፍሁት እንዲህ ያለውን ጉድጓድ መልሶ ማሳ በማድረግ ሥራ ስለሆነ፣ በሄድሁበት ሁሉ ዐይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በጠርዙ ላይ ነው።

የአፈር ሊቃውንት ኒቲሶል የሚሉት የካፋ ቀይ አፈር ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጠልቆ የሚወርድ፣ ጓሉ በእጅ ሲሰበር በሚያብረቀርቁ ገጾች እንደ ለውዝ የሚከፈል፣ በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር በላይ የሚወርደውን ዝናብ ጠጥቶ ወደ ታች የሚያሳልፍ ታላቅ ጸጋ ነው። ከሥሩ ደግሞ በዘመናት ብዛት የበሰበሰው የባዛልት ድንጋይ ገረጋንቲ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ መንገድ ሠሪው የሚፈልገው ይህን የታችኛውን ስለሆነ፣ ለገበሬው እንጀራ የሆነው የላይኛው ክፍል ለእርሱ በዶዘር ተገፍቶ የሚጣል ሽፋን ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጉድጓዴን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ጥቁሩን የላይ አፈርም ቀዩንም ገረጋንቲውንም በአንድ ክምር ደበላልቆ ጠብቆኝ ነበር፤ እኔም ወጣትና ችኩል ስለ ነበርሁ፣ ርክክቡ እንዳይዘገይ ብዬ በሰኔ ዝናብ ያን ጭቃ በዶዘር አስመለስሁ፤ ከዚያም ለዐይን እንዲያምር በግሬደር አስተካከልሁት። የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ በጥቅምት መጥተው ዲጅኗቸውን ከመሬቱ ላይ ቢጥሉት፣ ከአንድ ጣት የማይበልጥ ገብቶ ቆመ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ዐውድማ ነው፤ ይወቃበታል እንጂ አይዘራበትም።»

በሚከተለው ዓመት ግን ዘሩበት፤ ሌላ መሬት አልነበራቸውምና። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ፤ ይህም ፎስፈረስ የተነፈገ ተክል ምልክት ነው፤ የቀዩ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን እንደ ንፉግ ሰው ጨብጠው አይለቁትምና። ዝናብ ለአንድ ሳምንት ቢያቋርጥ ማሳው ሁሉ ጠወለገ። ነቅዬ ባየሁት ጊዜ ሥሩ ቁልቁል መውረድ ተስኖት እንደ ምንጣፍ በጎን ተዘርግቶ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት እንደምትከፈል፣ ለእያንዳንዱም ክፍል የራሱ አገልግሎት እንዳለው፣ አፈርም እንዲሁ የላዩ ለሕያዋን፣ የመካከሉ ለውኃና ለሥር፣ የታቹ ለመሠረት የተሰጠ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ጥበብ የሚጀምረው ጉድጓዱ ሲደፈን አይደለም፤ ዶዘሩ በመጀመሪያው ቀን ጥርሱን መሬት ሲያስነካ ነው። እኔን የሚጠሩኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ነው!

ከዚያ ወዲህ በቻልሁት መጠን ሥርዐቱን እንዲህ አደርጋለሁ። የላዩን ጥቁር አፈር፣ ትሉም የቅጠል ብስባሹም ከሥር ጋር ተስማምቶ የሚኖረው ፈንገስም ያለበትን፣ አፈሩ በሚደርቅበት በጥርና በየካቲት ለብቻው አስገፋለሁ፤ ክምሩም ከሰው ቁመት እንዳይበልጥ እከለክላለሁ፣ ከፍ ካለ ውስጡ አየር አጥቶ ይሞታልና፤ ላዩንም ላብላብ እዘራበታለሁ። ቀዩን በሌላ ወገን አስከምራለሁ። ገረጋንቲው ወጥቶ ካለቀ በኋላ የጉድጓዱን ወለል በዶዘር መንጠቆ አስነቅዬ በዝቅተኛው በኩል መውጫ እከፍትለታለሁ፤ ያለዚያ የካፋ ዝናብ ማሳውን ኩሬ ያደርገዋል። ቀዩን በኤክስካቫተር ባልዲ ከዳር እየዘገንሁ እመልሳለሁ፤ በተመለሰው ላይ ጎማም ሰንሰለትም እንዲወጣ አልፈቅድም። ጥቁሩ በመጨረሻ ይለብሳል፤ ኖራና ኮምፖስት ይከተሉታል። በጠርዙ ላይ የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በ1963 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣውን ቬቲቨር እተክላለሁ። ሁለት ሦስት ዓመት ደሾ ሣርና የርግብ አተር ሥራቸውን ሳይሠሩ በቆሎ ይዘራ ማለት፣ ከደዌ የተነሣን ሰው በማግሥቱ ቀንበር ማሸከም ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን የተማረው በኪሣራ ነው። አሜሪካውያን በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት የገጸ ምድር ከሰል ማዕድን ሕግ ምርጥ የእርሻ መሬት ሲቆፈር ንብብሮቹ ተለይተው እንዲነሡና በተራቸው እንዲመለሱ አዘዙ፤ ያም ሆኖ በኢሊኖይ የበቆሎ ማሳዎች አፈሩን በከባድ መኪና እየረገጡ ስለመለሱት ምርቱ ቀነሰ፤ ከዚያም ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ የሚነቅል መሣሪያ እስከመሥራት ደረሱ። ከሕጉ ሁሉ እኔን የሚያስቀናኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ተመለሰ የሚባለው ቢያንስ በሦስት ዓመት መከር ተለክቶ ነው። ጀርመኖችም በራይን ወንዝ አካባቢ ከሰል ባወጡበት ስፍራ ሁለት ሜትር ያህል ለም አፈር መልሰው፣ ስንዴ ከመዝራታቸው በፊት ለዓመታት አልፋልፋ ያበቅላሉ።

እኛም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አሉን። በመስክ ግን በርክክብ ቀን የተገኘሁባቸው ጉባኤዎች ሁሉ ጉድጓዱ መሞላቱንና መደልደሉን አይተው ሲፈርሙ እንጂ፣ «ስንት ኩንታል ይሰጥ ነበር? ዛሬስ ስንት ይሰጣል?» ብለው ባለቤቱን ሲጠይቁ አላየሁም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎናል፤ ለዛፉ የተሰጠው ክብር ዛፉን ለሚሸከመው አፈር ቢዳረስ ምንኛ መልካም ነበር። ፈራሚዎች ሆይ፣ ወደ ርክክብ ስትመጡ ከሜትሩ ጋር አንድ ዲጅኖ ያዙ።

የሽማግሌውን ማሳ በኋላ፣ በደረቅ ወራት፣ እንደ ገና አስነቅዬ ፍግና ሣር እየመገብሁ አከምሁት፤ በአምስተኛው ዓመት በቆሎው ከራሳቸው በላይ ሆነ። ገልባጭ መኪኖቹ ይዞሩበት የነበረው ጥግ ግን እስከ ዛሬ አልዳነም፤ ሽማግሌው ባቄላቸውን የሚወቁት በዚያ ነው።