«ሸርተቴ» ያልነው ነገር

«የበረዶ ሸርተቴ» የሚለው ስም በድሎናል። ሜጋ ላይ በረዶ ማለት ከዶፍ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ሸርተቴም የልጆች ጨዋታ። ሁለቱ ሲጣመሩ ለቦረናው አንባቢ ስፖርት ሳይሆን ቀልድ ይመስላል። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ፣ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲቀርብ የተወዳደረው ግን ቁልቁል በመንሸራተት አልነበረም። ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሶው ያህል ዳገት! ክንድ ይጠይቃል፣ ሳንባ ይጠይቃል። 83ኛ ወጣ። ጎማ በተገጠመለት ስኪ አገር ቤት አስፋልት ላይ መለማመዱ እንደ ትርዒት ተወራ። ውድድሩ ግን፣ እንደ እኔ፣ ለእነምሩጽ ይፍጠር ሩጫ የሥጋ ዘመድ ነው። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ 93ኛ ሲወጣም ያው «ተንሸራታች» አልነው።