«ዝም በል፣ ልስማው»

ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ሙቀቱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ይቀበልሃል። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነበር። ኮሮላዬ በቆምኩ ቁጥር ያብዳል። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ከ800 ተስፈንጥሮ 1800 ይደርሳል፤ ከዚያ ቁልቁል ይወድቃል፤ ጠፋ ስል እንደገና ይነሳል። መብራት ላይ አጠገቤ የቆሙት ባለባጃጆች እሽቅድምድም ያማረኝ መስሏቸው ዞር ዞር ብለው አዩኝ።

ሰው ጠይቄ የተላክሁት ወደ መልካ ጀብዱ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አቅጣጫ ነው። በነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀው እዚያ ነው፤ የጅቡቲ ተሳቢዎች መንገዱን ያንቀጠቅጡታል። ጋራዡ ግን አንድ የኒም ጥላ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ጠረጴዛ ነው። ባለሙያው ስድሳን ያለፈ ይመስላል። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ስለማይበረክት ተውኩት።

ችግሩን መዘርዘር ስጀምር እጁን አነሳ። «አቦ ዝም በል፣ ልስማው!»

ቦኔቱን ከፍቶ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልነካም። ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ እየነቀለ መለሰ፤ የትኛውም ሲነቀል ሞተሩ እኩል ተንገዳገደ። አራቱም ይሠራሉ ማለት ነው። በዚህ አልዘገየም።

ዕድሜ ያደረቃት የአንድ ክንድ ቱቦ ከምስማር ላይ አወረደ። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሌላውን በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ዙሪያ፣ በየመጋጠሚያው፣ በየቱቦው ሥር ያንቀሳቅሰው ጀመር። ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ፤ አልፎ ሄደ፤ ተመለሰ።

ሞተሩ 1331 ሲሲ ነው፣ ቶዮታ «ፎር ኢ» የሚለው። የገባውን አየር የሚገምተው ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት በሴንሰር ለክቶ ነው። ስለዚህ አየር ሾልኮ ሲገባ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ያንን አይቶ ነዳጅ ይጨምራል፤ ዙሩ ይወጣል። የአየር በሩ ግን ተዘግቷል። «እግሩን አንስቷል፣ ዙሩ ደግሞ ከፍተኛ ነው፤ ቁልቁለት እየወረደ መሆን አለበት» ብሎ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይቆርጣል። ዙሩ ሲወድቅ መልሶ ይሰጣል። ያ ሁሉ እብደት የኮምፒዩተሩ ታዛዥነት ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሰውየው ሙያውን የለመደው በሐረር ፔጆ 404 መሆኑን በኋላ ነገረኝ። ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እዚያ የተስተካከለ ካርቡራተር ወፍራሙ የድሬ አየር ላይ ሲደርስ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። በካቻቢቴ አንዷን ብሎን እያጠበቀ እያላላ ሚኒሞ፣ ማለትም እግር ሲነሳ የሚቀረውን ዙር፣ ሲያሲዝ ነው ጆሮው የተሳለው። (ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ሚኒሞ፤ ጋራዡ ጣልያንኛ ይናገራል፤ ባቡሩ ደግሞ ለገሃርን ከፈረንሳይኛ አምጥቶልናል።)

ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ከማኒፎልዱ ሥር ቆነጠጠው። ሞተሩ ተንፍሶ ረጋ። እኔ እጄን ላጨበጭብ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም። ለቀቀው፤ እብደቱ ተመለሰ። አሁን ያንኑ ቱቦ በሌላው ጫፍ፣ በፍሬኑ በኩል ቆነጠጠ። ሞተሩ ማበዱን ቀጠለ። ያኔ ነው ፈገግ ያለው። የፍሬን ማገዣው ደህና ነው፤ ቀዳዳው በሁለቱ ቁንጥጫዎች መካከል ነው። በሁለት ቁንጥጫ የአንድ ውድ ዕቃ ዋጋ አዳነልኝ።

ቱቦውን ፈትቶ መታጠፊያው ላይ ለጠጥ ሲያደርገው፣ ከሥር በኩል፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ስንጥቅ አፏን ከፈተች።

«ፍሬኑ አልጠነከረብህም?»

ጠንክሮብኝ ነበር። ደንገጎን የወረድኩት በዚያ ፍሬን ነው።

አንድ ልጅ ከሱቅ ያመጣለትን የውኃ ቱቦ በጣቶቹ ጨምቆ መለሰው፤ ሞተሩ ሲስበው ይጨፈለቃል። ክር ያለበት ወፍራም ቱቦ እስኪመጣ ሻይ ጠጣን። ምላጩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ ጫፉ እንደ ሳንቲም ጠርዝ ለስልሶ ወጣ። አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፈውን ቫልቭ ሲመልስ ላይዋ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ መዞሩን ሁለት ጊዜ አየ።

ጨረስን ብዬ ተነሳሁ። እሱ የአየር በሩን ማስቆሚያ ብሎን እያየ ነው። የፋብሪካው ቀለም ተሰንጥቋል። ከወር በፊት አንድ ጋራዥ «ሚኒሞውን ከፍ አድርገንልሃል» ብሎኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ብሎኑን አላላው፤ ጫፉ ሥር የሲጋራ ወረቀት አስገባና በአንድ እጁ ወረቀቱን እየሳበ በሌላው ብሎኑን በትንሽ በትንሹ አዞረ። ወረቀቱ ሲያዝ ቆመ። አወጣው፤ ከሩብ ዙር ያነሰ ጨመረ። በጥፍር ቀለም ጠብታ አተመበት። የእህቴ ልጅ ናት የሰጠችኝ አለ፤ ቀይ ነበር።

ኤሲውን፣ መብራቱን፣ ማራገቢያውን አስበራኝ፤ መሪውን እስከ ጥግ አስጠመዘዘኝ። ቀስቱ ለአፍታ ዝቅ ብሎ 800 ላይ ተመልሶ ቆመ። የሚወጡት ተሳቢዎች ድምፅ ነው አሁን የሚሰማው።

ሒሳቡን ስከፍል አሮጌውን ቱቦ አንስቶ የተሰነጠቀውን መታጠፊያ ቆርጦ ጣለ። ቀሪውን አንድ ክንድ ጆሮው ላይ ሞከረው፣ ነፋበት፣ የደረቀችዋን አውርዶ በምስማሩ ላይ ሰቀለው።