የሚያልፍ ባቡር እና የሚቆም ባቡር

ጋይንት ባቡር የለም። ስማዳም የለም፤ እስቴም የለም። «ታዲያ የጋይንት ሰው ስለ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በዕቅድ ካሰመራቸው መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልዲያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሰመራ ይወርዳል። በወረታና በወልዲያ መካከል ማን እንዳለ መቼም እናውቃለን! መስመሩ እስካሁን ከወረቀት አልወረደም። የወረደ ዕለት ግን «ጣቢያው የት ይሁን?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ደግሞ ያለው አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ዘንድ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊገባ ታሰበ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ባቡሩ ዳገቱን አልቻለውም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ጣቢያውም እዚያው ተተከለ። ያ ጣቢያ ድሬዳዋን ወለደ። ከተማ ኖሮ ጣቢያ አልተሠራለትም፤ ጣቢያ ቆሞ ከተማ መጣለት።

አዋሽም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጂቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ አንዱ አዳር ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ነበር። የሚያድር መንገደኛ እራት ይፈልጋል፤ አልጋ ይፈልጋል። በጣቢያው አጠገብ ያለው የአዋሽ ቡፌ የተሠራው ለዚሁ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎም ከዚያው ሥር አደገች።

ታዲያ ስለ አሮጌ ጣቢያ ሲነሣ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ለገሃር ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ ያምራል፤ ማን ይክዳል? ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መጥቶ ሰፈር ሆኖልናል። ኧረ አፍደምን፣ አሰቦትን፣ ሚኤሶን ማን ያንሣቸው? የገጠር ጣቢያ በግንቡ ውበት አይለካም። ለአካባቢው ሰው ሰዓቱም፣ ገበያውም፣ ከሩቅ ወሬ መስሚያውም እሱ ነበር። ቅርስ ስንል ድንጋዩን ብቻ ስለምናይ፣ ድንጋዩ ያላማረውን ቅርስ አንለውም።

ይህ ስህተት ኋላ ዋጋ አስከፈለን። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 752 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጥተው ሜዳ ላይ ቆሙ። የአዲስ አበባው ለቡ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ርቆ ነው። መሐንዲሱ ምክንያት አለው፦ አዲሱ ሐዲድ ጠባብ መታጠፊያ አይወድም፤ በከተማ መሃል ልለፍ ቢልም ስንት ቤት ያስፈርሳል። መንገደኛው ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ሌላ ትራንስፖርት ይፈልጋል፤ ባለ ሱቋም ደንበኛዋን አጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ አይደል?

ለጋይንት ከባድ ብረት ሲያልፍበት ማየት አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩት፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት አድርጎ መቅደላ ወጣ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች በዙላ ጠረፍ ለጦራቸው ስንቅ ማመላለሻ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ሴባስቶፖል አለፈ እንጂ አልቆመም፤ ለጋይንት የተረፈው ወሬው ነው። በደርግ ዘመን ቻይኖች የጨረሱት የወረታ ወልዲያ መንገድ ግን ነፋስ መውጫን አልሸሻትም። አውቶቡሱ ስለሚቆም ሻይ ቤቱም፣ አልቤርጎውም ይሠራል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይቆማል። ስለዚህ በየትንንሹ ጣቢያ ያገለገሉት ጡረተኞች ሳያልፉ የሚያውቁትን ብንጽፍላቸው ለቅርስ ብቻ ሳይሆን ለነገው ዕቅድም ይበጃል። የእኛም ተራ ሲደርስ መሐንዲሱን ከሐዲዱ ርዝመት አስቀድመን የምንጠይቀው ይኖረናል፦ ጣቢያው ከገበያችን በእግር ስንት ደቂቃ ነው?