«የዕጢው ዕጢ ሲደማ»፦ በአንድ የሕክምና ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ለሕሙማን መረጃ እንዲሆን ወደ አማርኛ ተመልሶ ለግምገማ የቀረበልን ረቂቅ፣ በአንጎል ሥር ባለው በፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ ቱመር በድንገት ሲደማ የሚደረገውን ምርመራና ቀዶ ጥገና ይገልጻል። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ዕጢው ያረፈበትን አጥንት «የቱርክ ኮርቻ» ማለቱም ቅርጹን በዐይነ ኅሊና ስለሚያሳይ ደግ አድርጓል። ችግሩ ከዋናዎቹ ስያሜዎች ላይ ነው።

«ዕጢ» በአማርኛ ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ የአካል ክፍልም፣ ያለ ሥርዐት ያደገውንም ሥጋ ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ዐውዱ ይለየዋል። እዚህ ግን ዕጢ የበቀለው በዕጢ ላይ ነውና ዐውድ አቅም ያጣል። «ዕጢው በአፍንጫ በኩል ይወጣል» የሚለውን ያነበበ ሕመምተኛ የቱ እንደሚወጣለት በምን ያውቃል? ሐኪሙ የሚያወጣው ቱመሩን ነው፤ ጤነኛውን ለማትረፍ ይጥራል። ሕመምተኛውም ለቀዶ ጥገናው የሚፈርመው ይህንኑ አንብቦ ነው።

«እባጭ» ይባል የሚሉ ባልደረቦች አሉን። አንስማማም፤ እባጭ በቤት ቋንቋ በስሎ፣ ፈርጦ፣ መግሉ ወጥቶ የሚድን ነው። «ነቀርሳ» ከዚህም የባሰ ነው፤ አብዛኞቹ የፒቱታሪ ቱመሮች ነቀርሳ አይደሉምና። የውሰት ቃል ወዳጆች ባንሆንም፣ «ዕጢ»ን ለጤነኛው ትተን ለበሽታው «ቱመር»ን እንመርጣለን።

ብሩም፣ ሂውስነርና አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1950 «ፒቱታሪ አፖፕሌክሲ» ያሉትን ሕመም ረቂቁ «የፒቱታሪ ስትሮክ» ብሎታል። የግሪኩ ሥር መትቶ መጣልን ስለሚያመለክት ተርጓሚው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ዳሩ ግን «ስትሮክ» ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው የአፍ መጣመምንና የእጅና የእግር ሽባነትን ነው። የዚህ ሕመም ዋና ምልክቶች ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዐይን ብርሃን መድከም፣ የዐይን ቆብ መውደቅና አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ናቸው። በሌላ በሽታ ስም የተጠራ ሕመም ምልክቱ ሲታይ አይታወቅም፤ «የፒቱታሪ ቱመር ድንገተኛ መድማት» ቢባል ይሻላል። (ቱመሩ ደም ተቋርጦበት የሚሞትበትም ጊዜ ስላለ፣ ይህ ስያሜ ሙሉውን አያቅፍም፤ ረቂቁ የሚናገረው ግን ስለ ደማው ነው።)

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን አንድ ቃል ነው። ከቀዶ ጥገናው አስቀድሞ የሚሰጠውን ሃይድሮኮርቲዞን ረቂቁ «ማጠንከሪያ መድኃኒት» ይለዋል። የተጎዳው ዕጢ አድሬናሎችን ማዘዝ ሲያቅተው ኮርቲዞል ይጎድላል፤ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ የጎደለውን የሚተካ ነው፤ አንዳንዱም ሕመምተኛ ዕድሜውን ሙሉ ይወስደዋል። «ማጠንከሪያ» ግን የበረታ ሰው የሚተወው ነገር ነው። «ተተኪ ሆርሞን» ተብሎ ይታረም።