የኦንላይን የእሳት ሳይንስ ትምህርት፦ ሰርተፊኬቱ እሳት አደጋ ሠራተኛ ያደርጋል ወይ?



እዚህ ጅቡቲ ከተማ ባለው የማጥኛ ክፍላችን አንድ ወጣት ተማሪያችን የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። በኢንተርኔት ለወራት የተከታተለውን የእሳት ሳይንስ ኮርስ የጨረሰበት ሰርተፊኬት ነው። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። «መምህር፣ አሁን እኮ እሳት አደጋ ሠራተኛ ሆንኩ። የት ላመልክት?» አለኝ። ወዲያው መልስ መስጠት ከበደኝ። ምክንያቱም ኮርሱን እንዲጀምር ካበረታቱት ሰዎች አንዱ እኔው ነበርኩ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልናገር። የእሳት ሳይንስን በኦንላይን መማር ይቻላል። በኦንላይን ብቻ ተምሮ የእሳት አደጋ ሠራተኛነት የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ግን አይቻልም። ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው «ትምህርቱን ተከታትሎ ፈተናውን አልፏል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሲሠራ አይተነዋል፣ ይችላል» ይላል። በአገራችን ቴክኒክና ሙያ የተማረ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። ሲኦሲ ሲፈተን የጽሑፉ ብቻ አይበቃም፤ በእጁ ሠርቶ ማሳየት አለበት።

እነዚህ ኮርሶች በብዛት የሚዘጋጁት በአሜሪካ በመሆኑ ከዚያው እንጀምር። እዚያ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. የተባለው የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው የሙያ መለኪያ አለ። ለብዙ ዓመታት 1001 በሚል ቁጥር ይታወቅ የነበረ ሲሆን አሁን 1010 ወደተባለው ተጠቃሏል። በዚህ መለኪያ የሚፈተን ሰው መሰላል ያቆማል፣ ውሃ የሞላ ጎማ ይጎትታል፣ የአየር መተንፈሻ አጥልቆ ጭስ በሞላበት ቤት ሰው ይፈልጋል፣ እውነተኛ እሳት ፊት ይቆማል። ብዙ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ለቅጥር የሚጠቀሙበት የአካል ብቃት ፈተና ደግሞ ለብቻው ነው። 22 ኪሎ ግድም የሚመዝን ሰደርያ ለብሶ 8 ሥራዎችን በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ ይጠይቃል። ይህን በኮምፒውተር እንዴት አድርጎ ይፈተኑታል?

እዚያ በእሳት ሳይንስ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ መያዝ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በሥራ ላይ ላለ ሰው ለዕድገት፣ ለተቆጣጣሪነትና ለምርመራ ሥራ ይረዳል። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን፣ ተግባሩን በአካል የሚያስተምሩም አሉ። ችግሩ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሰጥቶ ሙሉ እንደሆነ አድርጎ የሚያስተዋውቀው ነው። «ቤትዎ ሆነው የእሳት አደጋ ሙያ ይጀምሩ» የሚል ማስታወቂያ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ሰው የሚሰማው ሌላ ነው፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ። ትምህርቱ ራሱ የመጣበትን አገር ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአሜሪካ አመዳደብ «ሲ» የሚለው ፊደል የኤሌክትሪክ እሳት ማለት ነው። በአውሮፓው አመዳደብ ግን «ሲ» የጋዝ እሳት ነው፤ ኤሌክትሪክ የራሱ ፊደል የለውም። የምግብ ዘይት እሳት በአሜሪካ «ኬ»፣ በአውሮፓ «ኤፍ» ነው። እንግዲህ የአሜሪካውን ብቻ ያጠና ተማሪያችን እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ማጥፊያ ቢያገኝ፣ «ሲ» የሚለውን አይቶ ለተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሳጥን ሊያነሳው ይችላል። በፈተና 100 ከ100 ያመጣ ልጅ ማለት ነው! ሰርተፊኬቱ ከዚህ ስህተት አያድነውም።

እንዲህ ያለ አለመጣጣም ከተማ አስበልቷል። እ.ኤ.አ. በ1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ስትቃጠል ከሌሎች ከተሞች ለእርዳታ የመጡ እሳት አጥፊዎች የጎማቸው ማያያዣ ከከተማዋ የውሃ አፍ ጋር አልገጥም አላቸው። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ሰዎቹ ሙያ አጥተው አይደለም፤ መሣሪያቸው የተሠራው ለሌላ ቦታ ስለነበር ነው።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ፣ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። እሳት ማጥፋት የመንግሥት የሲቪል ጥበቃ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለስደተኞች የመማርና የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ዩኒፎርም በሚለበስበት የመንግሥት አገልግሎት ውስጥ መቀጠር ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ገንዘብና ጊዜ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ያለበት ነው። ይልቅ በመጋዘን፣ በሆቴል፣ በወደብ አካባቢ ባሉ የግል ድርጅቶች ደህንነት ጥበቃ ላይ ማተኮር ሳይሻል አይቀርም። እዚያም ቢሆን ፈረንሳይኛ፣ የመጀመሪያ እርዳታና በእጅ የተደረገ ልምምድ ከእንግሊዝኛው ሰርተፊኬት ይቀድማሉ።

እንግዲህ ትችቴ ለኮርስ ሻጮች ብቻ አይደለም። እኛም የትምህርት ፕሮጀክት ሰዎች ተወቃሽ ነን። ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ተማሪ ሰርተፊኬት አገኘ» ብለን እንጽፋለን። ወረቀቱ ምን በር እንደሚከፍት ግን አንጠይቅም። ስደተኛ ደግሞ ጊዜው የተረፈ ሰው ይመስለናል። ኧረ አይደለም! ልጁ ለዚህ ኮርስ ሲል የቀን ሥራ የቀረባቸው ቀናት አሉ፤ የኢንተርኔት ካርድም ከኪሱ ገዝቷል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው? ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው ወይስ የሙያ ብቃት ለማረጋገጥ ሥልጣን ያለው አካል? በአሜሪካ ከሆነ «ፕሮ ቦርድ» ወይም «ኢፍሳክ» ዕውቅና የሰጠው መሆኑን አጣሩ። ሁለተኛ፣ የተግባር ፈተናው የት ነው፣ እዚያ መድረስስ እችላለሁ? ሦስተኛ፣ እኔ ባለሁበት አገር ወረቀቱን የሚቀበል ቀጣሪ አለ? ለሦስቱም መልስ ከሌለ ለዕውቀት ብላችሁ ተማሩ፤ ለሥራ ብላችሁ ግን ገንዘብ አትክፈሉ።

ለተማሪያችን ይህንኑ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ አቃጠልኩት?» አለኝ። በከንቱስ አይደለም። የጋለ ዘይት ሲነድ ውሃ እንደማይደፋበት፣ ይልቁንም እሳቱ ተዘግቶ ድስቱ በክዳን እንደሚታፈን ያውቃል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ በሌለው ጋዝ እንደሚገድል ያውቃል። ባልባላን በመሰሉ ሰፈሮች በእንጨትና በቆርቆሮ ለተሠሩ ቤቶች፣ ደረቁ የበጋ ነፋስ ሲነሳ፣ ይህ ትንሽ ዕውቀት አይደለም።

ከመውጣቱ በፊት የማጥኛ ክፍላችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፦ «መምህር፣ የኋላውን በር እኮ ወንበር ዘግቶታል። እሳት ቢነሳ በአንድ በር ነው የምንወጣው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስንት ጊዜ ገብተን ስንወጣ ማናችንም አላየነውም ነበር። ወንበሮቹን በዚያው ቀን አብረን አነሳናቸው።

ቸር ይግጠመን።