ከዘይቱ በፊት ካዝናው

ፎገራ ውሃ አዘል ሜዳ ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲያጥለቀልቁት የወረታ ከተማ አየር ይረጥባል፤ በጋ ደግሞ የጥቁሩ አፈር አቧራና የሩዝ ገለባ ብናኝ በየቀዳዳው ይገባል። ብረት ሁለቱንም አይወድም። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ሲወለውል የማደንቀው ግን ዝገት መከላከሉን ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። ካዝናው ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ የላይኛው ተንሸራታች ወደ ኋላ ተስቦ ጥይት መጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል፤ ካዝናው የወጣለት ማካሮቭ ሽጉጥም አንዲት የጎረሳት ጥይት ሊኖረው ይችላልና። «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ሰው የሚገድለው በዚህችው ጥይት ነው።

ውልወላን ማወደስ መሣሪያን ማወደስ ነው የሚል ይኖራል። ስጋቱ ይገባኛል፤ በዚህ ዘመን በአማራ ክልል ቀላል ስጋት አይደለም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ቤት የገባ ሽጉጥ እስካለ ድረስ፣ ዋናው ነገር ባለቤቱ ባዶነቱን የማረጋገጥ ልማድ ያለው መሆኑ ነው፤ ያንን ልማድ እንደ ውልወላ ደጋግሞ እጅ የሚያስለምድ የለም። ዘይት ሲበዛ ይሻላል የሚሉም ተሳስተዋል። የበዛ ዘይት አቧራውን ይዞ ይለጥፋል፤ የበርሜሉ ውስጥ በንጹህ ጨርቅ ከደረቀ፣ መንሸራተቻው ላይ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።