«ጥገና» ስንት ሸክም ይችላል? በአነስተኛ አውሮፕላን አያያዝ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን የማዘጋጀት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በታላላቅ ስሞች ነው። ለአንድ ሳይንስ ወይም ለአንድ መሣሪያ ስያሜ ከተገኘለት ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን ዕለት ዕለት ሲሠራበት ነው። ለዚህ ሂስ የመረጥነው መስክ ጠባብ ቢሆንም የቃልን ጥራት አጥብቆ የሚጠይቅ ነው፤ ይኸውም ለመዝናናት የሚበርሩ የአነስተኛ አውሮፕላን ባለቤቶች የዘወትር ሥራ ነው።

በትልቅ አየር መንገድ አብራሪው ያበርራል፤ መካኒኩ ይጠግናል፤ ነዳጅ ቀጂው ይቀዳል፤ መዝጋቢው ይመዘግባል። የአንዱን የቃል ስሕተት ሌላው ሊያርመው ይችላል። በአሜሪካ በብዛት እንደሚታየው አራት ሰው የምትይዝ ሴስና 172 ያለው ሰው ግን መመሪያውን የሚያነበው፣ ዘይቱን የሚለካው፣ አውሮፕላኑን በገመድ የሚያስረውና በመዝገቡ ላይ የሚፈርመው ራሱ ነው። ቃሉ ቢያሳስተው የሚያርመው ሌላ ሰው አጠገቡ የለም። በአገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ አማርኛ «አውሮፕላን»ን ተውሶ፣ «አብራሪ»ን ከራሱ ሥር አውጥቶ ተገልግሏል። የበረራ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ግን በታላላቆቹ ስሞች መካከል ያለው የእጅ ሥራ ቃል በጽሑፍ አልጠራም። ተርጓሚው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

1. ጥገና

«ጠገነ» የሚለው ግሥ ስብራትን ያስቀድማል። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ይጠግናል፤ አናጢ የተሰነጠቀ በር ይጠግናል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን «ጥገና» ምርመራውን፣ የዕቃ ቅያሪውን፣ እድሳቱንና ቅባት መቀባቱን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል። የቃል ፍች ቢሰፋ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሚመጣው ሕግ የለያያቸውን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠራ ነው።

የአሜሪካ የሲቪል አቪየሽን ደንብ የአውሮፕላን አያያዝን በሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍል ምርመራን፣ አጠቃላይ እድሳትን፣ ብልሽት ማስተካከልን፣ ጠብቆ ማቆየትንና የአካል ቅያሪን ያቀፈ ሲሆን በመሠረቱ ለባለ ፈቃድ መካኒክ የተተወ ነው። ሁለተኛው ቀላል የማቆየት ሥራና ውስብስብ መገጣጠም የማይጠይቁ ትንንሽ መደበኛ ዕቃዎችን መለወጥ ነው፤ ይህንን ቢያንስ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው፣ አውሮፕላኑ ለአየር መንገድና ለመሰል የንግድ ማጓጓዣ እስካልዋለ ድረስ፣ በራሱ አውሮፕላን ላይ ሠርቶ ሊፈርምበት ይችላል። ጎማ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ባትሪ መለወጥ ከዚህ ይመደባሉ። ደንቡ የመጀመሪያውን ክፍል ሲበይን ሁለተኛውን በግልጽ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሁለተኛው የመጀመሪያው ዓይነት አይደለም፤ ከእርሱ ውጭ ነው።

ተርጓሚው የመጀመሪያውን «ጥገና»፣ ሁለተኛውን «የመከላከያ ጥገና» ቢል ምን ይከተላል? በአማርኛ ገላጭ የተጨመረለት ስም የዋናው ስም ወገን ሆኖ ይቀራል፤ «ቀይ ጤፍ» ጤፍ እንደ ሆነ ሁሉ «የመከላከያ ጥገና»ም ጥገና ነው። ፈሪው አንባቢ «ጥገና ለመካኒክ ነው» የሚለውን አንብቦ የተፈቀደለትን ጎማ እንኳ ሳይነካ ይተወዋል። ደፋሩ ደግሞ «አንዱ ጥገና ከተፈቀደልኝ ሌላው ለምን ይከለከላል?» ብሎ ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ሲሊንደር ይፈታል። ከዚህም በላይ «መከላከያ» የሚለው ቃል በዘመናችን ጆሮ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ሠራዊትን ነው። እንግሊዝኛውም ሁለቱን በአንድ ዋና ስም መጥራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንጩ ቋንቋ በብያኔ የሸፈነውን ጉድለት የተቀባዩ ቋንቋ የሚወርስበት ምክንያት የለም።

በእኛ አስተያየት «ጥገና» በመሥሪያ ቤት የጸና ስለ ሆነ ለመጀመሪያው ክፍል ይቆይ፤ በሥሩም «የብልሽት ጥገና»ና «አጠቃላይ እድሳት» ይመደቡ። ሁለተኛው ግን «የዘወትር እንክብካቤ» ይባል። ዋናው ስም ሲለያይ የሕጉ ድንበር በስሙ ውስጥ ይታያል።

2. ፍተሻ፣ ምርመራ፣ ሙከራ

ሁለተኛው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ አማርኛ ሦስት ቃላት ሲኖሩት ተርጓሚዎች አንዱን ብቻ ይደጋግማሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው «ቁጥጥር» ነው። ይህ ምርጫ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በአንድ በኩል «መቆጣጠሪያ» የአብራሪው መሪና መርገጫ ስም በመሆኑ «የመቆጣጠሪያዎች ቁጥጥር» የሚል አስቂኝ ሐረግ ይወለዳል። በሌላ በኩል ሦስት የተለያዩ ተግባራት ይደበላለቃሉ።

የመጀመሪያው አብራሪው ከበረራ በፊት አውሮፕላኑን እየዞረ በዓይኑና በእጁ የሚያደርገው ነው፤ ጎማውን ያያል፤ የዘይቱን መጠን በዘንጉ ይለካል፤ በሞተሩ ሽፋን ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ የፍጥነት መለኪያው የአየር ቱቦ በነፍሳት አለመደፈኑን ያረጋግጣል፤ ገመዱንና የመሪውን ማገጃ ያወልቃል። ሁለተኛው በየ12 ወሩ ለዚሁ የተለየ ሥልጣን ያለው መካኒክ የሚያካሂደው ሲሆን፣ አውሮፕላኑ መንገደኛ በክፍያ የሚጫንበት ወይም በክፍያ የሚሰጥ የበረራ ትምህርት የሚካሄድበት ከሆነ በየ100 ሰዓቱም ተጨማሪ አለ። ሦስተኛው ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ሞተሩም ሁለት ማግኔቶ ስላለው አብራሪው ከመነሣቱ በፊት አንዱን ማግኔቶ አጥፍቶ ሌላው ብቻውን ሞተሩን ማዞር መቻሉን ያያል።

ለመጀመሪያው «ፍተሻ»፣ ለሁለተኛው «ምርመራ»፣ ለሦስተኛው «ሙከራ» ተስማሚ ናቸው። «ፈተሸ» እጅ አስገብቶ መፈለግን፣ «መረመረ» ዐዋቂ ሰው ጠልቆ ማየትን፣ «ሞከረ» አሠርቶ ማወቅን ያመለክታል። «ፍተሻ» በአውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛን ሻንጣና ኪስ መፈተሽ ማለት ሆኗል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለዚህ «ቅድመ በረራ ፍተሻ» ከማለት «የአውሮፕላን ዙሪያ ፍተሻ» ማለትን እንመርጣለን፤ የሚፈተሸው ማን እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይናገራልና።

3. ነዳጅ

በዚህ መስክ እጅግ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው ቃል ማንም የማይጠረጥረው «የአውሮፕላን ነዳጅ» ነው። ፒስተን ያለው የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ሲሆን የጄት ሞተር የሚጠቀመው ከነጭ ጋዝ ወገን የሆነ ነዳጅ ነው። የጄቱ ነዳጅ በስሕተት በፒስተን አውሮፕላን ቢቀዳ፣ በቱቦውና በካርቡራተሩ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ ደኅና ሊሠራ ይችላል፤ ካለቀ በኋላ፣ ምናልባትም አውሮፕላኑ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ኀይሉን ያጣል። ሁለቱም በአውሮፕላን የሚቀዱ ነዳጆች ናቸውና ሁለቱም «የአውሮፕላን ነዳጅ» ናቸው፤ ስያሜው እውነት ሆኖ ሳለ ሰው ሊገድል ይችላል።

የሚገርመው የቤት አማርኛ ይህን ልዩነት ቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ቤንዚንን ከነጭ ጋዝ የማይለይ ባለቤት ቤት የለም፤ አንዱን በመኪና፣ ሌላውን በፋኖስ ታውቀዋለች። ተርጓሚው የቤቱን ቃል ትቶ ወደ ጥቅል ስም ሲወጣ ከፍ ያለ ይመስለዋል እንጂ ዕውቀት ጥሎ ነው የሚሄደው። «የአውሮፕላን ቤንዚን»ና «የጄት ነዳጅ» ቢባል ጉዳዩ ያበቃል።

ስለ ቀለምም እንዲሁ ነው። በዛሬው ጊዜ በሰፊው የሚሸጠው 100 ኤል ኤል የተባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። አብራሪው ከክንፉ ሥር ጥቂት በብርጭቆ ቀድቶ ሰማያዊነቱን ያያል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች አቅርሮ እንደ ሆነም ይለያል። በስሙ መጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደላት እርሳሱ ዝቅ ያለ መሆኑን ይገልጻሉ፤ «ዝቅ ያለ» የሚለው ግን ከቀድሞው ዓይነት ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ እርሳስ የለበትም ማለት አይደለም። በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ከሚቆሽሽባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ «እርሳሱ የቀነሰ» ይባል እንጂ «እርሳስ አልባ» አይባል።

4. በረዶ፣ ውርጭ፣ አመዳይ

ሴስናውን ከቤት ውጭ የሚያሳድር ሰው ሦስት ጠላቶች አሉት፤ በአማርኛ ትርጉም ሦስቱም «በረዶ» ሲባሉ እንሰማለን። ከሰማይ የሚወርደው የክንፉን ቆርቆሮ ይሰረጉዳል። ሌሊት በክንፉ ላይ የሚጋገረው ስስ ነጭ ሽፋን የክንፉን ገጽ ያሻክርና የማንሣት ኀይሉን ይቀንሳል፤ ሳይጠረግ መነሣት አይገባም። ሦስተኛው በካርቡራተር ውስጥ የሚሠራው ነው።

ለሁለተኛው «ውርጭ» ወይም «አመዳይ» እያለ «በረዶ» ማለት የደጋውን ገበሬ ዕውቀት መጣል ነው፤ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ምን እንደሚወርድ እርሱ ያውቃልና። ሦስተኛው ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። «የካርቡራተር በረዶ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ነገሩ በብርድ አገር ብቻ የሚደርስ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ቤንዚኑ ሲተንና የአየሩ ግፊት ሲቀንስ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው አየር በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አደጋው ይበልጥ የሚያሠጋው ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ እርጥበቱም ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ነው፤ ሆኖም እስከ 38 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እንኳ ሊከሠት ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ይቆይ፤ የመዝገበ ቃላቱ ብያኔ ግን «በሞቃት ቀንም የሚደርስ» የሚለውን ሐረግ በመጀመሪያው መሥመር ሊይዝ ይገባዋል። ብያኔ የስሙን ሐሰት የሚያርምበት ጊዜ አለ።

5. የጋራዥ ቃል

«ካንዴላ»፣ «ፍሬን»፣ «ብሎን»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ኩሽኔታ» ከጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ ያደጉ ቃላት ናቸው። «የጋራዥ ቋንቋ» ብለው የሚንቋቸውና «የእሳት ብልጭታ ሰጪ» የመሰለ ረዥም ሐረግ የሚፈጥሩ አሉ። በዚህ አንስማማም። ካንዴላ የሚያጸዳ ሰው «ካንዴላ» ይላል፤ መዝገበ ቃላትም የሚሠራውን ሰው ሊከተል ይገባዋል።

የመኪናን ቃል በጅምላ ወደ አውሮፕላን ማሻገር ግን ሌላ ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ የመኪና ማርሽና የአውሮፕላን ማረፊያ አካል በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «የማረፊያ ማርሽ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ማርሽ አይደለም፤ እግሩ ነው። «የአውሮፕላን እግር» ቢባል ሕፃንም ይገባዋል። ጋራዡ ቃል ከሌለው ደግሞ ነገሩን ገልጾ መናገር ይበቃል፤ በንዝረት እንዳይላላ ብሎኑ የሚታሰርበትን ቀጭን ሽቦ «የብሎን ማሰሪያ ሽቦ» ከማለት የተሻለ አናገኝም።

6. የመዝገቡ ግሥ

ባለቤቱ ዘይት ከቀየረ በኋላ የሥራውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ የፈቃዱን ቁጥርና ዓይነት በመዝገብ ማስፈር አለበት። የእንግሊዝኛው ልማድ አድራጊውን ሳይጠራ ሥራውን ብቻ ይጽፋል፤ ተርጓሚዎቻችንም «ዘይት ተቀይሯል» ይላሉ። በአማርኛ ይህ ዐረፍተ ነገር ምሉዕ ነው፤ ማን ቀየረ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የቢሮ አማርኛ ኀላፊነትን የሚሰውረው በዚሁ ተደራጊ ግሥ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። አማርኛ ግን አድራጊውን በግሡ ውስጥ የመያዝ ጸጋ አለው፤ «ዘይቱን ቀየርሁ» ሲባል በአንድ ቃል ሰውየው ይቆማል። የመዝገብ ቅጽ የሚተረጉም ሰው ይህን ጸጋ ቢጠቀም ፊርማው የግሡ ምስክር ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ የሚያነበው ስንት ሰው ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንባቢው ጥቂት መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከላይ የተመለከቱት ቃላት የአውሮፕላን ብቻ አይደሉም፤ ጥገናን ከእንክብካቤ፣ ፍተሻን ከምርመራ፣ ሠራሁን ከተሠራ አለመለየት በውሃ ፓምፕም፣ በሆስፒታል መሣሪያም፣ በእህል ወፍጮም ላይ ያው ጉዳት ነው። አነስተኛው አውሮፕላን የሚለየው ጉዳቱን ቶሎ ስለሚያሳይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሙያ ቃላት አዘጋጆች ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያስቀድሙ እናሳስባለን፤ ይህን ቃል ብቻውን ቆሞ የሚያነብ ሰው ምን ያደርጋል?